የባርኔጣ ሰፊው ሜትር

ባርኔጣ ሰፊው የሰው ዕውቀት በሜትር እንደሚለካ ከልቡ ያምን ነበር። ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ ሜትሩን በግንባሩ ዙሪያ ያዞርና ልኩ ሰፋ ካለ «ራስ ማለት ይህ ነው! ይህ አገር ያስተዳድራል!» ይላል። ጠበብ ካለ ግን ዝም ነው። ለልጆቹም ቅጽል ስም ያወጣላቸው በዚሁ ሜትር ነው። ወንዱን «ጉልላት» አለው፤ ሴቷን «ሽምብሬ»።

ሽምብሬ ስሙን ችላ አድጋለች። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው። አባቷ ዐይኑ ደክሞበት ሱቁን ለአንዱ ልጁ ሊያስረክብ ሲነሣ፣ ቁልፉ ለጉልላት መሆኑን ሰማች። ሱፉን በእንፋሎት አለስልሳ ራስ በሚመስለው የእንጨት ቅርጽ ላይ የምትወጥረው እሷ፣ ጠርዙን የምትሰፋው እሷ! ጉልላትማ መርፌ በነካ ቁጥር ጣቱን ወግቶ «ወይኔ!» የሚል ሰው ነው። ደሟ ፈላ።

«በምን ሒሳብ ነው አባባ?» አለች፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት።

«ራሱን አታዪውም እንዴ? ትልቅ ቤት ብዙ ዕቃ ይይዛል።»

የእናቷ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የሳይንስ መምህር፣ ጥጉን ይዞ ይስቅ ነበር። ሽምብሬ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ከፍጥረት ሁሉ ትልቅ አንጎል ያለው ሰው ነው?»

«ኧረ የት! ዝሆን ይበልጠናል፤ ዓሣ ነባሪ ደግሞ ዝሆንንም ያስከነዳል።»

«እንግዲያው ቁልፉን ለዝሆን ስጠው!» አለች አባቷን።

አባት ወይ ፍንክች። «ዝሆን ገላውም ትልቅ ነው። ከገላው ጋር ተመዛዝኖ ነው እንጂ።»

«በዚያ ከሄድንማ» አለ መምህሩ፣ «አይጥ ከእኛ እኩል ልትቆም ነው። አንዳንድ ትንንሽ ወፎችም ጥለውን ይሄዳሉ።»

ሽምብሬ ወንበሩን ሞልቶ የተረፈውን ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ከገላ ጋር ከሆነማ አሸናፊዋ እኔ ነኛ!»

ጉልላት ራሱ ሳቀ። አባት ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱም አይደለም! ዋናው የውስጡ ጥራት ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ መምህሩ። «የቁራ አንጎል አውራ ጣት ቢያክል ነው፤ ግን ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሽቦ አጣሞ ምግቡን የሚያወጣ ቁራ አለ።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለው አባት።

«አየህ አባባ፣» አለች ሽምብሬ፣ «ሰው ዝሆን ሲበልጠው ሚዛኑን ይለውጣል፤ አይጥ ስትደርስበት እንደገና ይለውጣል። አንተም እንደዚያው ነህ። አሸናፊውን አስቀድመህ መርጠሃል፤ ሜትሩ ለወግ ነው።» ሜትሩን ከአንገቱ ላይ መዝዛ ወሰደች። «በል አሁን ባርኔጣህን አውልቅ።»

አባት በሰው ፊት ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም። ሽምብሬ ምክንያቱን ታውቃለች። አንድ ጊዜ የባርኔጣውን ገበር ስትጠግን አይታ፣ እሱን ላለማሳፈር እስከ ዛሬ አፏን ይዛ ኖራለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አባት ካንገራገረ በኋላ አወለቀ። ባርኔጣው እንዳይሰፋበት ከገበሩ ሥር የጠቀጠቀው ጥጥ ጭኑ ላይ ወደቀ። ሽምብሬ ሜትሩን በራሱ ዙሪያ አዞረች። የእሷ ልክ እንኳ ይበልጠዋል። ሁሉም አየ፤ አንድም የሳቀ የለም።

እንባዋ መጣ፤ ግን ወደኋላ አላለችም። «ይህን ሱቅ ከባዶ ያቆመው ይህ ራስ ነው። እኛን ያሳደገን ይህ ራስ ነው። ትንሽ ነው የሚል ሰው ካለ፣ አንተም ብትሆን፣ ከእኔ ጋር ይጣላል!»

አባት ጥጡን አንሥቶ በመዳፉ ጨበጠው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ቁልፉን አወጣ።

«ለጭንቅላትሽ ብዬ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ለእጅሽ ነው።»

«ለሁለቱም ነው!» አለች ሽምብሬ። ቁልፉን ተቀበለች፤ ሜትሩን ግን አልመለሰችለትም።