ደጃፍ ላይ የቀረው ታዳይማ

በአንዲት የባሕር ዳርቻ መንደር፣ ቺዙሩ በምትባል ሴት ቤት፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ጊዜ «ታዳይማ» ይባላል። ከውጭ የገባ ሰው ጫማውን እያወለቀ የሚላት ቃል ናት፤ ቤት ያለው ደግሞ «ኦካኤሪ» ብሎ ይቀበለዋል። ፈረንጅ ተርጉም ቢሉት «መጣሁ»፣ «እንኳን መጣህ» ብሎ ይገላገላል። ነገሩ አልገባውም። እንግዳ «ታዳይማ» አይልም፤ «ኦካኤሪ» የሚባለውም የቤቱ ለሆነ ሰው ብቻ ነው።

አንደኛው «ታዳይማ» ዓሣ ገበያ የሚሠራው የልጇ የሹሄይ ነው። ሌላው ባሕር የወሰደው፣ ሬሳው እንኳ ያልተገኘው የባሏ የኢሳኦ ነው።

የሟቹን ድምፅ መጀመሪያ የሰማች ዕለት በባዶ እግሯ ጎረቤቷ እማማ ቶሜ ዘንድ ሮጠች። አሮጊቷ ነገር ማለዘብ አያውቁም።

«አንቺ ልጅ፣ ዋ! እንዳትመልሺለት» አሏት። «ሙታን በነሐሴው በዓል ይመጣሉ፣ በልተው ይሸኛሉ። ከዚያ ውጭ ‹ኦካኤሪ› ካልሽው ቤቴ ነው ብሎ ይቀመጣል። ማን ያስወጣዋል?»

ሹሄይ ትንሽ ሳለ ችግር አልነበረም፤ ቀጭን ድምፁን ለይታ ትመልስለት ነበር። ጉዱ የመጣው ልጁ ሲጎረምስ ነው። ድምፁ ቁርጥ የአባቱ ሆነ። ቺዙሩ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋት፤ ፈራችና ለሁለቱም ዝም አለች።

አንድ ቀን ሹሄይ ራት ላይ «ለቅቄ ልሄድ ነው» አላት።

«ወዴት?»

«የትም። ድመቷ ስትገባ እንኳ ‹መጣሽ የኔ እመቤት?› ትያታለሽ። ለእኔ ማንም አይመልስልኝም።»

«ሥራ ይዤ እኮ ነው...»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? እማዬ፣ እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም?»

ቺዙሩ የሞተውን ስትፈራ ያለውን ልታጣ ነው።

በማግስቱ ሾርባ እያማሰለች ሳለ ተንሸራታቹ በር ተከፈተ።

«ታዳይማ።»

የመጣው ይምጣ አለች በልቧ።

«ኦካኤሪ!»

ብቅ ያለው ሹሄይ ነው። ለአፍታ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። ተቀምጦ ሩዙን መብላት ጀመረ። ቺዙሩ እፎይ አለች፤ ዕንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

በሩ እንደገና ተንሸራተተ።

«ታዳይማ።»

ቺዙሩ ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሹሄይ ግን ከሳህኑ ቀና እንኳ ሳይል «ኦካኤሪ፣ አባዬ» አለ።

«ትሰማው ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«ሁልጊዜ። ስትፈሪ አይቼ ዝም አልኩ እንጂ። የሚመልስለት አጥቶ ደጅ መቆም ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

ቺዙሩ ሦስተኛ ሳህን ከመደርደሪያው አወረደች። በሩ ከውስጥ ሲዘጋ ሁለቱም ሰሙ።