የጥቁሩ ዱቄት ስም

መሪጌታ ክንፈሚካኤል በወጌሻው በዘሩ ቀንተው ነበር። ኧረ ምን ቅናት ብቻ! ከቡሬ ወዲህ ባለው አጥቢያ ሁሉ «የቁስል መድኃኒት ከመሪጌታ» ሲባል ኖሮ፣ ጣልያን ከገባ ወዲህ ወሬው «ዘሩ ቆርጦ አዳነኝ» ሆነና እንቅልፍ ነሳቸው። አንዲት የሽንዲ ባልቴት እንዲያውም በበቅሎ መጥታ፣ የእሳቸውን ደጅ አልፋ ወደ ዘሩ ስትሄድ በዓይናቸው አይተዋል።

ከዘሩ ጋር አንድ ላይ ለመሥራታቸው ጥፋተኛዋ አዋላጇ አልጣሽ ናት ባይ ናቸው። ጡታቸውን ነቀርሳ እየበላቸው የሚያልቁት ሴቶች ነገር አንገብግቧት፣ ሁለቱን ወንዶች ከቅዳሴ በኋላ ደጀሰላም አስቀመጠቻቸው።

«እኔ እብጠቱን ገና ሽንብራ ሲያክል ዳስሼ አገኘዋለሁ። ዘሩ ያወጣዋል። እርስዎ ቁስሉን ያደርቁልናል። ለየብቻችን ስንሠራ እኮ ሴቶቹ የሚመጡት ሊገነዙ ሳምንት ሲቀራቸው ነው!» አለች። ቀጥላም እያንዳንዱ የሚያውቀውን ለሌሎቹ ይንገር አለች፤ ጣልያን ማንን መቼ እንደሚወስድ አይታወቅማ።

መድኃኒተኛ የቅጠሉን ስም ለባዳ አይናገርም፤ ከተናገረ ኃይሉ ይሸሻል ይባላል። አልጣሽ ግን አዳሰሷን አሳየች። ዘሩም ምላጩን በእሳት እንዴት እንደሚያግል፣ ቆርጦ የት ላይ እንደሚያቆም ሳይደብቅ ተናገረ። ተራው መሪጌታ ጋ ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የግዛዋ ሥር ነው» አሉ።

ውሸት! እውነተኛው ጥንጁት ነበር፤ ያው ሴቱ ሁሉ የወተት ዕቃ የሚያጥንበት፣ በየጓሮው የሚበቅለው ጥንጁት። እሱን ከተናገሩማ ማን ደጃቸውን ይረግጣል? ለዚህ ነው ሰው እንዳይለየው ወቅጠው፣ ከከሰል ጋር አጥቁረው በቀንድ የሚይዙት።

ብዙም ሳይቆይ አልጣሽ በገዛ ሚስታቸው በእህተ ማርያም ጡት ላይ እብጠት አገኘች።

«ሌላ ወንድ ደረትሽን ሊያይ?» አሉ መሪጌታ።

«ታዲያ ሙቺ ነው የሚሉኝ?» አለች እህተ ማርያም።

እንደምንም እሺ አሉ፤ ግን ነጠላ ቀደው፣ በቀዳዳው እብጠቱ ብቻ እንዲታይ አደረጉ። ዘሩ በቀዳዳው በኩል ቆርጦ አወጣው። እህተ ማርያም ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ ሲያበቃ ግን «እጅህ ይባረክ፣ ዘሩ» አለች። አይ የሷ ነገር! ራሷን ደግፈው የያዙት እሳቸው፣ ምርቃቱ ለዘሩ! በማግስቱ ጥቁሩን ዱቄት ሲነሰንሱላት እንኳ እንዳኮረፉ ነበሩ። ቁስሉ ግን ደህና እየያዘ ነበር።

ዱቄቱ አልቆ ሌላ ሊወቅጡ ሲሉ፣ የጣልያን ወታደሮች ከባንዳ ጋር መንደሩን ከበው ወንዱን ለመንገድ ሥራ ወደ ቡሬ መንዳት ጀመሩ። መሪጌታንም ከደጀሰላም ያዟቸው። ዘሩን ተዉት፤ የባንዳውን አለቃ ወለምታ አሽቶለት ነበርና። ይኼስ አያናድድም?

ተሰልፈው ሲነዱ አልጣሽ ከሌሎች ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ቆማለች። ዘሩም መቆፈሪያ ይዞ አጠገቧ አለ።

«መሪጌታ፣ አይስጉ!» ብሎ ጮኸ። «ግዛዋውን ልቆፍር መሄዴ ነው፤ ቁስሏ ላይ እኔ አደርግላታለሁ!»

እኔ አደርግላታለሁ! ደማቸው ፈላ። ይኼ ሰው እሳቸው በሌሉበት ቤታቸው ገብቶ፣ መደባቸው ላይ ተቀምጦ... ደግሞስ ግዛዋ? በእንዲህ ያለ ቁስል ላይ ግዛዋ ነስንሰው አያውቁም። ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? ብትሞትስ? ዝም ካሉ ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል። ከተናገሩ ግን በአገር ፊት ውሸታም፣ ያውም የጥንጁት መሪጌታ መሆናቸው ነው። ዘሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ።

«ዘሩ! ግዛዋ አይደለም!» አሉ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ። «ጥንጁት ነው! የጓሮው ጥንጁት!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። «ውይ! የዕቃ ማጠኛው?» ብላ አንዷ ሴት ሳቀች። አልጣሽ ግን አልሳቀችም፤ እዚያው እንደቆመች መሬት ላይ እንትፍ አለች። ባንዳው «ዝም በል!» ብሎ በሰደፍ ጀርባቸውን አላቸው።

ዘሩ መቆፈሪያውን ጥሎ ወደ እሳቸው ቤት ሮጠ። አቤት አሯሯጡ! ያ ጉልበቱ፣ ያ ወጣትነቱ! በሩን ገፍቶ ሲገባ እህተ ማርያም ከመደቡ ቀና ብላ ፈገግ ስትልለት በሐሳባቸው ታያቸው፤ ቅናቱ አንጀታቸውን አሳረረው።

«ፍጠን እንጂ!» ብለው ጮኹበት። «ምን ይጎትትሃል!»