የሩሰይፋው ሰርዶ

ሸምሲያ ጅዳ ሳለች በአረም ሥራዋ ትኮራ ነበር። ሰርዶ ግትር አረም ነው፤ ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ ከመሬት በታች ተስቦ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። እሷ ግን የወሎ ገበሬ ልጅ ናት። ዝናብ አፈሩን እስኪያለሰልስላት ትጠብቅና ሥሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ሳይበጠስ ትመዘዋለች። አሠሪዋ ማዳም ነኢማ ለእንግዳ ሁሉ «የኛ ሸምሲያ ያጸዳችው ነው» እያለች ግቢውን ታስጎበኝ ነበር። ሙገሳ ደግሞ ሰው ያሳብጣል።

ቤተሰቡ ጅዳን ለቆ መካ ገባ፤ ሩሰይፋ ሰፈር፣ የማዳም ነኢማ አማት የሐጃ ሳሊማ ቤት። ሸምሲያ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ግቢውን ቃኘች። ሎሚው በወጉ ተከርክሟል፣ ችግኞቹ ከፀሐይ በጨርቅ ተከልለዋል፣ ከሥራቸው ግን ሰርዶው እንዳሻው ተንሰራፍቷል። አትክልተኛው ሙዘሚል የአገሯ ልጅ ነው። ኩዳይ የሚባል ሰፈር ተከራይቶ እየኖረ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያጠጣል፣ ይኮተኩታል፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ፍግ ያለብሳል። ሣሩን ግን አይነካም።

«ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ሰርዶ ለማን ነው የምታስቀምጠው? አህያ የለን» አለችው አንድ ቀን።

«ተዪው፣ ማንን አስቸገረ?» አለ ሳቅ ብሎ።

ሰነፍ ነው ብላ ደመደመች። ለምን ብላ ብትጠይቀው ይነግራት ነበር፤ ግን አውቃለሁ የሚል ሰው መቼ ይጠይቃል?

ኅዳር ላይ ዝናብ ጣለ። ማዳም ሥራ፣ ሐጃ ሳሊማ ደግሞ ጅዳ ሌላው ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ሸምሲያ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችበት። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ግቢው እንደ አውድማ ተመልጧል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እሷ ግን በዚያ ሰዓት የምትጠብቀው ምርቃት ነበር።

ሐጃ ሳሊማ በማግስቱ ተመልሰው ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩት፣ አዩት።

«ይሄን ማነው የነቀለው?» አሉ። «እዚህ እንደ ጅዳ አይደለም፤ መካ ሐረም፣ የተከበረ መሬት ነው። ሰው የተከለውን ሰው ይቆርጠዋል። አላህ በራሱ ያበቀለውን ግን ማንም አይነቅልም። በዚህ ግቢ ስንኖር አንድ ሰው ነክቶት አያውቅም።»

የሐረም እርግብ እንደማይባረር ሸምሲያ ታውቃለች። ሣሩም እንደዚያው መሆኑን ግን የነገራት አልነበረም። እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተችና ሐረም የደፈረችን ሠራተኛ ማን ያቆያታል ብላ ፈራች። አፈረችም። በዚህ መሐል ሙዘሚል የውሃ ጎማውን ተሸክሞ ገባ።

«አንተ ነህ?» አሉት ሐጃ።

ሙዘሚል መሬቱን አየ። ቀጥሎ ሸምሲያን አየ፤ ጨነቃት።

«ሐጃ፣ ግቢው እኔ ዘንድ ያለ አማና፣ አደራ ነው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ኸላስ። ከእንግዲህ አትምጣ።»

ሸምሲያ በር ላይ ደረሰችበት። «ለምን?» አለችው።

«አንቺ ከዚህ ብትወጪ ወዴት ትገቢያለሽ እህቴ? እኔ ወንድ ነኝ፣ ግቢ አላጣም። ዝም በይ በቃ።»

ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ይህኛውን አላዩትም።

ከዚያ ወዲያ ያቃጠላት የሣሩ ነገር መሰላት፤ በየሶላቷ ለሣሩ ምሕረት ትለምናለች፤ ስታጸዳው የነበረውን መሬት አሁን ይበቅል ብላ ታጠጣለች። ሰርዶም ሰርዶ ነውና የቀረች ሥር አላጣም፤ አንድ ጠዋት አረንጓዴ ጫፉን አወጣ። ሸምሲያ አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። ሣሩ ተመልሷል፣ ልቧ ግን ያው ነው። ተነሥታ ሐጃ ዘንድ ገባች።

«ሐጃ፣ ሣሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ወላሂ አላወቅኩም ነበር።»

ሐጃ ሳሊማ መቁጠሪያ ተስቢሓቸውን አስቀመጡ። «ካላወቅሽማ ምን ወንጀል አለብሽ? አላህ ያላወቀን አይዝም። ያኔውኑ ብትነግሪኝ አስተምሬሽ እናልፈው ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሙዘሚልን ሳባርረው ግን እያወቅሽ ነው የቆምሽው። እሱ የሰው ሐቅ ነው። እኔም አፉ ልልሽ አልችልም፤ እሱን ጠይቂ። ተመለስ ብላሃለችም በዪው።»

ለካ የፈራችው ነገር የሚያስፈራ አልነበረም። ሰው ያስባረረችው ለዚህ ነበር።

ደወለች፤ ሙዘሚል ስልኩን አነሣ። ለሐጃ እውነቱን መናገሯን ነገረችው። «አፉ በለኝ ወንድሜ።»

«አፉ ብያለሁ። ያኔውኑ ብያለሁ።»

«ሐጃ ተመለስ ብለዋል። ነገ ና።»

«መካ ሥራ አጣሁ እህቴ። ጅዳ ሰው ቤት ገብቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም፣ ወደ አዲሱ አሠሪ፣ ወደ ከፊሌ ዞሯል፤ እንደ ድሮው ብድግ ብሎ መሄድ የለም። ጁምዓን በሐረም መስጊድ መስገዴ ነው የቀረብኝ።»

«ግቢው… ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው። ሰርዶ ወርሶታል። ስነቅል እውላለሁ» አለ ሙዘሚል። «እዚህ ይፈቀዳል።»