የግራ እጅ ጓንት

ከበላያቸው የሚኖሩት አይሁዳዊ ጎረቤት የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነውን ታልሙድን በቀን አንድ ገጽ ማንበብ ካስለመዷቸው ወዲህ፣ የአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤት ቁርስ በሰላም ተበልቶ አያውቅም። ጡረታ የወጡት መሐንዲስ የዕለቱን የራቢዎች ክርክር ለሚስታቸው ለወይዘሮ ገላነሽ በአማርኛ እየተረጎሙ ሻዩን ያቀዘቅዙታል። ልጅ ሳሉ የቤተ ክህነት ትርጓሜ ጀማምረው ስለነበር ክርክር ይጥማቸዋል። ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ወተት አለቀ ወይ ቢባሉ እንኳ፣ እንደ መምህራኑ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ።

በዚያ ማክሰኞ የደረሳቸው ገጽ ስለጠፋ ዕቃ ነበር። ያገኘ ሰው ያስታውቃል፤ ባለቤት ነኝ ባይም ምልክቱን ካልተናገረ አይወስድም። ወይዘሮ ገላነሽ ሰሙ እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም። አራት ወር የጠበቁት ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ ደርሶ የዓይናቸው ሞራ የሚገፈፈው ዛሬ ነው።

ኒደርራድ ሰፈር፣ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ወይዘሮ ገላነሽ ባላቸው ሲያስሉ ሰምተው የራሳቸውን የአንገት ልብስ አውልቀው ጠመጠሙላቸው።

«አምስት ሰዓት ላይ እንዳትቀር። ብቻዬን አያስወጡኝም፤ ደግሞ እፈራለሁ።»

«አልቀርም። አንድም ቀደም ብዬ እመጣለሁ።»

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ትራም ፌርማታው ወንበር ላይ አንድ ጓንት ተቀምጦ አገኙ። ሌላ ቀን ቢሆን አልፈውት ይሄዱ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ የሚያልፈውን የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ እያስቆሙ ጓንት ጠፍቶት እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። ሁለት ሰዎች የእኔ ነው ብለው፣ ምልክት ሲጠየቁ እያጉረመረሙ ሄዱ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ሮጣ መጥታ፣ የግራ እጅ ነው፣ አውራ ጣቱ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል አለች። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከደስታ ብዛት ዕንባቸው መጣ። ሚስታቸውን ክሊኒክ ሲያደርሱ ያጠፉትን ስልክ ቢከፍቱት ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ሚስታቸው የሉም። የሰፈራቸው ልብስ ሰፊ ፋይዛ ተደውሎላት ሱቋን ዘግታ መጥታ ወስዳቸዋለች። ተጣድፈው ሮደልሃይም ቤታቸው ቢደርሱ ቁልፋቸው አልዞርም አለ። ከውስጥ ሌላ ቁልፍ ተሰክቷል።

«ገላነሽ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል? እዚህ ቤት አንዲት የጠፋች ሚስት አለች። ባለቤቷ ነኝ ካሉ ምልክቷን ይናገሩ።»

ወይዘሮ ገላነሽ ባላቸውን አንቱ የሚሉት ሲቆጡ ብቻ ነው።

«የምን ምልክት?»

«ጠዋት አድርጋው የወጣችው የአንገት ልብስ ቀለሙ ምንድን ነው?»

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አሰቡ። የጓንቱን ስፌት አንድ በአንድ ያስታውሱታል።

«ሰማያዊ» አሉ። «አንድም ግራጫ።»

«አንድም የሌላ ሰው ሚስት ናት። ባልታሸገው ዓይኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁዎት ነው። አንገትዎ ላይ ነው ያለው።»

ቁልቁል አዩ። ቢጫ ነበር። እሱን ተጠምጥመው ነው የሰው ጓንት ሲያስታውቁ የዋሉት። አፈሩ።

«ፈርተሽ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር። ሌሎቹን ሁሉ ሰው እየመጣ ወሰዳቸው። እኔ ብቻ ቀረሁ። አንተ አልመጣህም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቁልፉ ከውስጥ ሲነካ ተሰማ፤ ግን አልዞረም። ሚስታቸው ምን እየጠበቁ እንደሆነ ገባቸው። «አንድም» ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት።

ቁልፉ ዞረ።