የመሃሏ ገመድ

ሁለት ነው ያልኩት፣ ሁለት የካንዴላ ገመድ፣ የፊተኞቹን፣ የኔን፣ የኋለኞቹ ባለቤት አላቸው፣ ወንድሜ ተብዬው ይግዛቸው፣ የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ ግን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ የለም ይላል፣ መቼስ ጋሽ የለም የሚል ስም በከንቱ አልወጣለትም፣ መጀመሪያ የለም ይላል፣ ቀጥሎ መነጽሩን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ መሰላሉ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይገኛል፣ አባቴ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፣ ያቺን አሮጌ መኪና ሲያስታምም የኖረው ከዚህ መደርደሪያ በወረደ ዕቃ ነው። ባንኮኒው ቅባት በቅባት ነው፣ ክርኔን አነሳለሁ። ከጀርባዬ አንድ ሹፌር ቶሎ በይ እንጂ እህት ይላል፣ እህት፣ እህትነትስ እስከ አንገቴ ደርሷል፣ ጠብቅ።

ትናንት እንደዚህ የሚቸኩልልኝ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት፣ ድልድዩ ላይ፣ ያ ሁሉ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፈን፣ ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድበው፣ እማዬ ከኋላ ወንበር መሃል ላይ፣ ሁልጊዜ መሃል ነው የምትቀመጠው፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ፣ እና መኪናዋ ጸጥ። አልተንገጫገጨች፣ አላስጠነቀቀች። ቁልፉን ባዞር ባዞር እርርር ብቻ፣ እሳት የለም። በስንት ልመና አንዱ አቁሞ ሆስፒታል ሲያደርሰን ነርሷ ተራችሁ አልፏል አለች፣ አልጋው ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ነገ ጠዋት አንድ ቦታ አለኝ፣ ነገም ካረፈዳችሁ እኔ የለሁበትም። ኩላሊት የሚያጥበው ማሽን ሰው አይጠብቅም፣ ውሃው ግን እማዬ ሰውነት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ከእግሯ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወዴት እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ አልደግመውም። መኪናዋን ማታ አስጎትቼ ግቢ አስገብቻታለሁ፣ በኪራይ መኪና ውሰጃት ይሉኛል፣ እሷ ሄዳ ነው፣ የባሌ መኪና ደጄ ቆማ በሰው መኪና አልሄድም ትላለች፣ ግትርነቱን ከማን እንደወረስነው ይኸው።

እና እዚያው ድልድዩ ላይ ምን ትለኛለች፣ የጠፋችው በማን በኩል ነው? በዚያ በልጅሽ በኩል ነዋ እማዬ፣ የኔዎቹ ደህና ናቸው፣ እሱ ርካሽ ነገር ገጥሞባት ነው። እሷ ደግሞ፣ መኪናዋን ለሁለት ከፍላችኋታል፣ እኔ ታዲያ በማን በኩል ነው የተቀመጥኩት?

ቁልፉን እንደገና አዞርኩት፣ እርርር።

አባቴ በሞተ ሰሞን ነው ይሄ ሁሉ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ወንድሜ ሊሸጣት ደላላ ይዞ መጣ፣ እኔ ጥቁሬን ለብሼ በመስኮት አያለሁ፣ ደላላው የመኪናዋን ጎማ በጫማው ጠለዝ ጠለዝ ያደርጋል፣ ወንድሜ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል፣ ወጣሁና የተናገርኩትን ተናገርኩ፣ እሱም አልቀረበትም፣ ከዚያ ወዲህ ቃል የለም። እማዬ ናት ያስማማችን፣ መስማማት ከተባለ፣ አንድ ሳምንት እኔ አንድ ሳምንት እሱ፣ ቁልፉ እማዬ በር ጀርባ ምስማር ላይ፣ ሳንተያይ ማንሳት፣ ሳንተያይ መስቀል። ጎማ የቀኙ የኔ የግራው የሱ፣ ከሞተሩም ካንዴላዎች የፊት ሁለቱ የኔ የኋላ ሁለቱ የሱ፣ የሰማ ይስቃል፣ ይሳቅ። ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት ውሳኔ የምተይብ ሰው ነኝ፣ በዓይነት ሊከፋፈል የማይችል የጋራ ንብረት በመሆኑ፣ ተብሎ ሲሰጠኝ እተይባለሁ፣ ስንት ቤት ስንት ወንድማማች በጣቶቼ አልፏል፣ አይ የሰው ነገር እያልኩ፣ ከዚያ ማታ እናቴ ግቢ ቆሜ የግራ ጎማው የኔ አይደለም እላለሁ። ሼም ነው። ዛሬም ያሰብኩት ይኼንኑ ነበር፣ የኔን ሁለት ቀይሬ ከደሙ ንጹህ ነኝ ልል፣ የሱን እንዲቀይር እማዬ ደውላለታለች፣ ከቀየረ ቀየረ፣ ካልቀየረ ጉድ የሚፈላው በሱ በኩል ነው።

ጋሽ የለም ከመሰላሉ ወርዶ ሁለት ፓኮ ያስቀምጣል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ይኼኛው ደህናው ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ያው ነው። ደህናውን አነሳለሁ፣ ልባሱ ወፈር ብሎ ለስለስ ያለ፣ ጆሮዬ አጠገብ አጥፌ አዳምጣለሁ፣ አባቴ እንዲህ ነበር የሚመርጠው፣ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ዝናብ ሲነካው እሳቱን ያፈሰዋል። ያው የተባለው ገና ሳጥፈው ቀጭ ይላል። እና ደህናውን ልግዛና ሌላ ሳምንት እሱ በኔ ገመድ ይንሸራሸር? ርካሹን ልግዛና እማዬን ድልድዩ ላይ ልድገማት? አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ፣ እናትሽ እንደዚያ አብጣ ተኝታለች፣ አንቺ ወንድምሽ እንዳይመቸው ታሰያለሽ። እሺ ደህናውን። ግን ሁለት ብቻ።

ፓኮ አይበጠስም ይላል፣ ከዚያ መቀሱን ያነሳል፣ ሁልጊዜ ነው። መቀሱ አየር ላይ ይቆማል። አንቺ ልጅ፣ እንዴት አድርጋ ነው የጠፋችብሽ፣ እየተንተባተበች ነው ወይስ ባንዴ? ባንዴ፣ ጸጥ። መነጽሩን ያወልቃል። እንግዲያ ያንቺም አይደለም የሱም አይደለም፣ ካንዴላ አንዱ ቢታመም እያነከሰች ትሄዳለች፣ ባንዴ ጸጥ ካለች የመሃሏ ናት፣ እሳቱን ከኮይሉ ተቀብላ ለአራቱም የምታመጣው፣ አምስተኛዋ፣ እሷ መቼ ነው የተቀየረችው?

መቼ ነው የተቀየረችው።

መሳቢያውን ይስባል፣ ሞልቷል፣ አጫጭር ገመዶች፣ አዳዲስ፣ ላስቲካቸው ያልተነካ። ይኸውልሽ፣ አንቺ ትመጪና ፓኮ ታስበጥሺኛለሽ፣ የፊተኞቹን ትወስጃለሽ፣ ወንድምሽ ይመጣና ከዚያው ፓኮ የኋለኞቹን ይወስዳል፣ መሃሏ ትቀራለች፣ ውሰዳት ስለው የሷ ናት ይለኛል፣ ውሰጃት ስልሽ ምን ነበር የምትዪኝ? የሱ ናት። የሱ ናት፣ የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር የምለው። ከዚያው ፓኮ። እሱ ርካሽ ገጥሞባት ነው ያልኳት እናቴን፣ ለካ ከአንድ ፓኮ ነው ስንካፈል የኖርነው።

አሮጌዋ የመሃል ገመድ ላይ የአባቴ ጥቁር ናስትሮ አለ፣ ጥምጥም አድርጎ ጫፉን በጥርሱ የቆረጠው፣ የእጁ ትዝታ ስለሆነች አልነካናትም ብል ያምርብኝ ነበር፣ ለሰው ሲነገርም ያስለቅሳል። ውሸት ነው። የማንም ስላልሆነች ነው። ሁለታችንም በየሳምንታችን ኮፈኑን ከፍተን አይተናታል፣ ልባሷ ሲሰነጣጠቅ፣ እሱ ለኔ ትቷት፣ እኔ ለሱ ትቻት፣ እማዬ ደግሞ ከኋላ ወንበር መሃል ላይ፣ ቦርሳዋን ይዛ።

ሙሉውን ይጠቅልሉልኝ እላለሁ፣ አምስቱንም። የለም ይላል ከልማዱ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል፣ የሱንም? የሱንም። ምላሴ ላይ ይመረኛል፣ ይቅር አላልኩትም፣ የደላላው ጫማ አሁንም ዓይኔ ላይ ነው፣ ሌላ ሳምንት ቁልፉን አንስቶ ገና በአንደኛው ስትነሳለት ያ የረካ ፊቱ፣ ያቃጥለኛል፣ ያቃጥለኝ፣ ብቻ ነገ ጠዋት ትነሳ። ሄጄ አንድ በአንድ ነው የምቀይራቸው፣ አንዱን ሳትተኪ ሌላውን አትንቀይ ይል ነበር አባቴ፣ ተራቸው ይጠፋብሻል፣ መብራት የምንይዝለት እኔና እሱ ነበርን፣ ክንዳችን ሲዝል እየተቀባበልን፣ እሱ ትንሽ ስለነበር ድንጋይ ላይ ቆሞ። ምን አመጣው አሁን ይሄን።

ወንድምሽ ከሥራ ሲወጣ ለኋለኞቹ እመጣለሁ ብሎ ደውሎልኛል፣ ይላል ጋሽ የለም ጋዜጣውን እያጠፈ፣ ምን ልበለው? ተቀይሯል ይበሉት። ማን ቀየረው ቢለኝስ? እኔ ካልኩ ማታውኑ ሄዶ ይነቅላቸዋል፣ የሷን አልፈልግም ብሎ፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ብሆን እነቅል ነበር፣ የአንድ ሆድ ልጆች አይደለን። ሹፌሩ ከጀርባዬ በረጅሙ ይተነፍሳል። ጥቅልሉን ደረቴ ላይ እይዛለሁ። እማዬ ናት ይበሉት። እንዴ፣ እናትሽ መኪና ልትጠግን? አዎ፣ እሷ ናት፣ ዝናብ ላይ፣ መሃል ቁጭ ብላ፣ እኔ በማን በኩል ነኝ እያለች።