በደረቅ ጨርቅ

«መኪና ነው የምታሸው ወይስ ሙሽራ?» አለች ሚስቱ ሀኪማ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከግቢው በር ላይ ቆማ።

ሙሐመድአወል ቀና አላለም። የጥቁሯ ካምሪ ኮፋኖ ላይ ተደፍቶ፣ ፖሊሽ የጠጣ ስፖንጅ በክብ በክብ ያሽከረክራል። የጀመረው ከሱብሂ ሰላት እንደተመለሰ ነው። መኪናዋን አጥቦ፣ የመስታወቶቿን ጎማ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ፣ ኮፋኖውን ለሁለት ከፍሎ ግራውን ይዟል። ፀሐይ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሳትገባ መጨረስ አለበት፤ የጋለ ብረት ላይ ፖሊሽ ከደረቀ እንደ ኖራ ተጣብቆ ይቀራል። የደማም ፀሐይ ደግሞ በሚያዝያም ቢሆን ማንንም አትታገስም።

«ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ።»

«አስቀምጪው።»

«ልጁ ዛሬ መሄዱ ነው። እዚህ ከብረት ጋር ከምትታገል ገብተህ አጠገቡ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?»

«በማን መኪና ነው የሚሄደው?» አለ፣ አሁን ቀና ብሎ።

«በዋኢል ነዋ! ራሱ ነግሮህ የለ?»

ነግሮታል። ትናንት እራት ላይ ነው ታሚም ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «አንተ አትልፋ ባባ፣ ዋኢል ያደርሰኛል» ያለው። ዋኢል ከሁለት ቤት ወዲያ ያለ የሱዳኖች ልጅ ነው፤ ከታሚም ጋር አንድ ክፍል ተምረው፣ እዚሁ አል ጀለዊያ ሰፈር አንድ መንገድ ላይ ኳስ ሲራገጡ ያደጉ ናቸው። ሙሐመድአወል በዋኢል ላይ ቅሬታ የለውም። «አትልፋ» የምትለዋ ቃል ናት ሌሊቱን ሙሉ ስትቆረጥመው ያደረችው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጁን አየር ማረፊያ ማድረስ ልፋት ሊሆንበት ነው?

ታሚም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አደገ። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ወዲህ ዩኒቨርሲቲም ሥራም ሳይገኝለት በአባቱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ተጠግቶ ሁለት ዓመት ቤት ዋለ። በመጨረሻ ተመካከሩና ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ አስመቱለት። ዛሬ አመሻሽ ላይ ይበራል፤ አጎቱ ሙሜ ኮምቦልቻ ይጠብቀዋል፤ አገሩን ያያት በአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኹሩጅ ከተመታ በኋላ እንዲህ በቀላሉ ተመልሶ መምጣት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም።

ልጁ ለምን በእሱ መኪና መሄድ እንዳልፈለገ ሙሐመድአወል አውቄዋለሁ ብሎ ደምድሟል። ያፍርባታል። አሠሪው፣ ካፊሉ፣ መኪናዋን «ለድካምህ» ብሎ ከሰጠው ሦስት ዓመት ሆነ፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ታሚም አንድ ቀን እንኳ ገብቶባት አያውቅም። ገበያ ሲሄዱ እግሩን ያመዋል፣ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ጥናት አለበት፣ ባሕር ዳር ሲሉት ይደክመዋል። እውነትም መኪናዋ ደብዝዛለች። ጥቁርነቷ ጠፍቶ አመድ መስላለች። ስለዚህ ከጋራዦቹ ሰፈር ሁለት ጠርሙስ ፖሊሽና አንድ ቆርቆሮ ሰም ገዝቶ መጣ። ዛሬ መስታወት አድርጓት፣ በሯን ከፍቶ «ግባ ልጄ» ሊለው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ነገር መሆኑን ልቡ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

ታሚም ረጅም ቁመቱን በበሩ አጎንብሶ ወጣ። የአባቱን እጅ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ተመለከተ።

«ባባ፣ እንዲህ አይደለም። በጣም እየተጫንካት ነው።»

«ታውቅበታለህ እንዴ?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ።» ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና በሩ ላይ አጠጋው። «ና እየው።»

ሙሐመድአወል ጎንበስ አለ። በመብራቱ ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈው ታዩት። በሩ ብቻ አይደለም፤ መብራቱ በሄደበት ሁሉ ድሩ ይከተላል።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አለ ደንግጦ።

ታሚም ፈገግ አለ። «ጠዋት ጠዋት በምን ነበር የምትጠርጋት?»

«በጨርቅ ነዋ! አንድ ቀን ሳላዛንፍ!»

«በደረቁ?»

«አቧራ በምን ይጠረጋል ታዲያ?»

«እሱ ነው የገደላት። የዚህ አገር አቧራ እኮ አሸዋ ነው ባባ። በደረቁ ስታሸው በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ በታይድ ታጥባት ነበር። የነበራትን ሰም እሱ አጥቦ ወሰደው። ፀሐይ አይደለም የጨረሳት።»

ሙሐመድአወል ወገቡን ይዞ ቀጥ አለ። ይህች መኪና ስምንት ዓመት የካፊሉ ሆና ያደረችው እዚሁ በእሱ በር ላይ ነው። ኢቃማው ላይ የተጻፈው ሙያ የመጋዘን ሠራተኛ ቢሆንም፣ የእውነት ሥራው የካፊሉን ልጆች ከአል ዐዚዚያ ቤታቸው ደማም ትምህርት ቤታቸው ማመላለስ ነበር። ከሱብሂ ሲመለስ መጀመሪያ የሚነካው ያን ጨርቅ ነው። አቧራ የለበሰች መኪና የሰነፍ ሾፌር ምስክር ናት ይላሉ ሾፌሮቹ፤ ማዳም፣ የካፊሉ ሚስት፣ ከበሩ ብቅ ስትል በመኪናዋ ውስጥ መልኳን ማየት አለባት። እና አሸ። ሰንፎ ቢሆን ባልቆጨው። ያበላሻት ትጋቱ መሆኑ ነው አንጀቱን የበላው።

«ይድናል?» አለ፣ ሐኪም እንደሚጠይቅ ሰው።

«ሁሉም አይደለም። ላይ ላዩ ይለቃል፣ ጥልቁ ይቀራል። ስፖንጁን ስጠኝ።»

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው አሹ። ታሚም የኋላውን የቀኝ በር ያዘ፤ ትንሽ ፖሊሽ ጠብ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ ያዳርሳል፣ በለስላሳ ፎጣ ያነሳል። ከእጁ ሥር ጥቁሩ ቀለም ብቅ አለ፤ የግቢው ግንብ ሳይቀር ይታይበታል። ሙሐመድአወል ብዙ ዘመን ያላገኘው ደስታ ተሰማው፤ ልጁ ከዚህ ቀደም አብሮት አንድ ነገር የሠራው መቼ እንደሆነ ቢያስብ ትዝ አልለው አለ። ደስታው ነው ያደፋፈረው።

«ታሚም፣ እውነቱን ንገረኝ። በዚህች መኪና ታፍራለህ አይደል?»

«ምን?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ገብተህባት አታውቅም። ዛሬም ከዋኢል ጋር ነኝ አልክ። ደብዝዛ ስለታየችህ መስሎኝ...»

ታሚም ማሸቱን ተወ። «መኪናዋ ምን አደረገችኝ ባባ? እኔ በመኪና የማፍር ሰው ነኝ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልጁ ፎጣውን አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው። «ያ ከባድ ዝናብ የዘነበ ቀን ትዝ ይልሃል? አራተኛ ክፍል ሳለሁ።»

ሙሐመድአወል እጁን ከቀለሙ ላይ አነሳ።

«አውቶቡሳችን ሳይመጣ ቀረ። መንገዱ ሁሉ ባሕር ሆኖ ነበር። እኔና ዋኢል አጥሩ ሥር ቆመናል። ከዚያ ይህች መኪና መጣች። ውሃው ስለበዛ ቀስ ብላ ነው ያለፈችው፣ በአጠገባችን። ዋኢል ‹አባትህ! አባትህ!› ብሎ ጮኸ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?»

«ምን አልከው?»

«‹አይደለም› አልኩት። ‹አባቴ ቢሆን ይቆም ነበር› አልኩት።» ታሚም የሚያወራው ለበሩ ይመስል ዓይኑን ከቀለሙ ላይ አላነሳም። «ከዚያ ወዲህ ይህችን በር ማየት አልወድም። እንዲያው ነው፤ ሕፃን ሆኜ የያዘኝ ነገር ነው። ደግሞ ዝናብ ነበር፣ መስታወቱም ጉም ለብሶ ነበር። አላየኸኝም፣ አይደል ባባ?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አባቱን አየው። የአሥር ዓመቱ ታሚም ዓይን ነው ያየው።

ሙሐመድአወል ማምለጫው ወለል ብሎ ተከፈተለት። «አላየሁህም ልጄ» ቢል አለቀ፤ ልጁ ሊያምነው ተዘጋጅቶ ቆሟል። ምናልባትም ሻንጣውን አምጥቶ እዚህችው መኪና ውስጥ ይጭን ይሆናል። እሱ ግን አይቷል። ያን ቀን የካፊሉ ልጅ ኸጣብ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀምጦ ነበር። ጉሙን በእጅጌው ጠርጎ፣ «አሚ ሙሐመድ፣ ያ ታሚም አይደለም እንዴ?» ብሎ፣ እንደ ልማዱ አጎቴ እያለ፣ በአረብኛ ጠየቀው። ሙሐመድአወልም መሪውን ጨብጦ፣ «አይደለም፣ እሱን የሚመስል ልጅ ነው» አለው። ወንበሮቹ ነጭ ቆዳ የለበሱት በዚያው ሳምንት ነው፤ ታሚም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ማዳም ደግሞ አንድ ቀን እንኳ «ልጅህን እንዳትጭን» ብላ አታውቅም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። የሰው ንብረት አማና ነው እያለ ሚስቱንም ልጁንም አላስጠጋም፤ ታማኝ ሲባል ደስ ይለው ነበር። ያን ቀን ማምሻውን ልጁ በእግሩ ኳትኖ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ቤት ሲገባ የተቀበለው በቁጣ ነው። ጫማህን አበላሸህ ብሎ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እሱ የሰውን ወርቅ ሲወለውል የራሱን ጭሮ ጭሮ ጨረሰው።

«አይቼሃለሁ» አለ ሙሐመድአወል።

ታሚም ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ኸጣብም አይቶሃል። ያ ታሚም አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አይደለም ያልኩት። ወንበሩ በጭቃ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ልጁ ስፖንጁን ባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። «ጠይብ» አለ በዝግታ፤ «እሺ» የምትለዋን አንዲት የአረብኛ ቃል ብቻ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤት ገባ።

ሙሐመድአወል ተከትሎት ሊገባ አሰበና ተወው። ዙሁርን ብቻውን ሰግዶ ወጣ። እጁ ሌላ ሥራ ስለማያውቅ፣ በቀረው የኮፋኖ ቀኝ ጎን ላይ ፖሊሹን ጨምቆ ማዳረስ ጀመረ። ወፍራም ነጭ አድርጎ ቀባው። ገና በፎጣ ሳያነሳው የዋኢል መኪና ጡሩምባ ተሰማ። ፀሐይም ጥላውን አልፋ የኮፋኖውን ጫፍ ይዛለች።

ሀኪማ አየር ማረፊያ አልሄድም ብላለች፤ ከደጄ ነው የምሸኘው ብላ ቆርጣለች። ልጇን አንገቱን አቅፋ፣ «ፊ አማኒላህ፣ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፣ እዚያ እንደገባህ ደውል፣ ብርድ ልብስ አጎትህን ጠይቅ፣ አትፈር» ስትል፣ ዱዓውና ምክሩ ተደባልቆ ከእንባዋ ጋር ይወርዳል። ሻንጣዎቹ በዋኢል ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተደራረቡ።

ታሚም ወደ አባቱ መጣ። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሳመው።

«ዱዓ አድርግልኝ፣ ባባ።»

«ሁልጊዜ ነው የማደርግልህ።»

ይኸው ነበር። ልጁ ሄዶ ዋኢል አጠገብ ጋቢና ተቀመጠ። ሙሐመድአወል ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የካምሪዋ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ፖሊሹን በሁለት ደቂቃ አንስቶ፣ መኪናዋን አስነስቶ ከኋላ ከኋላ ሊከተላቸው ይችላል። ዕድሜውን ሁሉ መንዳት ነው የሚያውቀው። ባዶ ወንበሮቹን ይዞ የልጁን ማጅራት በሰው መኪና መስታወት ውስጥ እያየ ሊነዳ ነው? ያን መንገድ አሰበውና መረረው።

ሄዶ የዋኢልን መኪና የኋላ በር ያዘ። መኪናው ሳምንት ሙሉ ውሃ ያልነካው ነው፤ መስታወቱ ላይ አንድ ሰው በጣቱ «እጠበኝ» ብሎ በአረብኛ ጽፎበታል። የሙሐመድአወል እጅ በልማዱ ፎጣውን ወደ አቧራው ሰደደ። አቧራው ሳይደርስ አቆመው። ፎጣውን መሬት ጣለና በሩን ከፈተ።

«ያ አሚ፣ ማፊ ቦታ እኮ! ሻንጣ ሞልቶታል» አለ ዋኢል ወደ ኋላ ዞሮ።

«እኔ እታቀፈዋለሁ።»

ትልቁን ሻንጣ ገፋ አድርጎ ተሸጎጠ። ጉልበቱ ከአገጩ ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቀፈው። በሰው መኪና ከኋላ ተቀምጦ የሄደበትን ቀን አያስታውስም። ታሚም አልዞረም፤ በስፖኪዮው ግን ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ካምሪዋን ተመለከተ። ግማሽ ኮፋኖዋ እንደ አዲስ ጠቁሮ ያበራል፤ ግማሹ ነጭ እንደተለቀለቀ ነው፤ ፀሐይዋ ደርሳበታለች።

«ባባ፣ ፖሊሹ» አለ ታሚም። «ሳታነሳው ይደርቃል እኮ። ከዚያ አይለቅልህም።»

«ይድረቅ» አለ ሙሐመድአወል። «ንዳ፣ ዋኢል።»