በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ

የጥናት ክፍሉ ግድግዳ መራስ የጀመረው ሰኞ ነበር። ረቡዕ ላይ እርጥበቱ ጉልበት ድረስ ወጣ፤ ቀለሙም እየተላጠ መርገፍ ያዘ። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ግድግዳውን እዚህም እዚያም አንኳኳና ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ካላወቀ ከጥግ እስከ ጥግ ከማፍረስ ሌላ መላ እንደሌለው ነገረኝ። በዚያ ግድግዳ ላይ ባለቤቴ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት ከግንቡ ጋር አያይዞ የሠራው የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ግድግዳው ከፈረሰ እሱም አይተርፍም። ይህን ለሠራተኛው አልነገርኩትም፤ ትንሽ እንዲታገሠኝ ብቻ ለመንኩት።

ባለቤቴ ቤቱ ሲገነባ ንድፉን በኮምፒውተር ስሎት ነበር። ላፕቶፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የቀረኝ ፋይሉ ያለበት፣ ስልክ ላይም የሚሰካ ፍላሽ ነው። ስልኬ ላይ ስከፍተው ግድግዳ፣ በርና መስኮት አሳየኝ። ቧንቧ የሚባል ነገር የለውም። ረስቶት ነው ለማለት አልደፈርኩም፤ የበር እጀታ ሳይቀር የሚለካ ሰው ነበር።

የእህቴን ልጅ ጠራኋት። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ በልጅነቷ ያልፈታችው ሬዲዮ ስላልነበረ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ «መፍቻ» ይላታል። ሠራተኛው ይህን ሲሰማ ቤት ውስጥ መፍቻ እያለ እሱ ለምን እንደተጠራ ጠየቀ። መዶሻ አጥተን ነው አለችው።

ፋይሉ ጎዶሎ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ንድፉ እንደ ስስ ወረቀት ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ስልኬ የሚያሳየው የላይኛውን ብቻ ነው። የቀረውን ለመግለጥ የተሳለበት ፕሮግራም ራሱ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የኮምፒውተር ነው። ደግነቱ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡንም ከፍቶ እንደሚሻው የሚያስተካክለው ዓይነት ስለሆነ ስልክ ላይ እንዲሠራ ያደረጉት ሰዎች አሉ። እሷም ስልኳ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭናለች። ኮምፒውተር እያላት ለምን እንደዚህ እንደምትደክም ጠየቅኳት።

«ስለሚቻል ነዋ፣ አክስቴ።»

የኮምፒውተሩ ገጽ እንዳለ መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ታጨቀ። ምልክቶቹ ከመድቀቃቸው የተነሣ አንዱን ልትነካ ሌላውን እየነካች ሁለት ጊዜ ወጥ ቤቱን አጠፋችው። ሠራተኛው በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ «እኔ በመዶሻዬም ይህን ያህል አላፈርስም» አለ። የባለቤቴን ማውስ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ከቦርሳዋ ባወጣችው ማገናኛ ስልኩ ላይ ስትሰካው አንዲት ትንሽ ቀስት ብቅ አለች።

በጎን በኩል ዝርዝር ተከፈተ፦ ግድግዳ፣ መብራት፣ ውሃ። ከሥራቸው አራተኛም ነበር። ባለቤቴ እኔን የሚጠራበት ስም ተጽፎበታል።

«ይሄስ ምንድን ነው? ልክፈተው?»

«ውሃውን ክፈቺ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ውሃውን ከፈተች። ሰማያዊ መስመር ከመታጠቢያ ቤቱ ተነሥቶ በመደርደሪያው ሥር አለፈና መስኮቱ አጠገብ ታጠፈ። መታጠፊያው ላይ ልኩ ተጽፏል፤ ከመስኮቱ አርባ ሁለት ሳንቲም ሜትር፣ ከወለሉ ሃያ። ሠራተኛው ለካ፣ በእርሳስ ምልክት አደረገ። «እንግዲህ እትዬ፣ ስልኩ ከዋሸ እኔ የለሁበትም» ብሎ መሮውን አነሣ።

ቀዳዳው ውስጥ ጡብ እንጂ ቧንቧ አልነበረም። ዕቃውን ሰብስቦ ትልቁን መዶሻ ሲያወጣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር። እሱ የለካው ከእንጨቱ ፍሬም ነው። ባለቤቴ ሲለካ ግን ፍሬሙ ገና አልተገጠመም ነበር፤ የለካው ከግንቡ ጠርዝ ነው።

«የፍሬሙን ውፍረት ያህል፣ ስድስት ሳንቲም፣ ወደ መደርደሪያው ይሂዱ» አልኩት።

ቧንቧውን መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ አገኘውና መታጠፊያውን በአዲስ ቀየረው። ያፈረሰው ቦታ ከደብተር አይበልጥም፤ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ እንኳ አልወረደም። እጁን ሲታጠብ ንድፉን የሠራውን ሰው ለሌላ ሥራ እንደሚፈልገው ነገረኝ። የእህቴ ልጅ ሌላ ወሬ አነሣችለት።

ከመሄዷ በፊት፣ አራተኛውን ስፈልግ ብቻዬን እንድከፍተው ፕሮግራሙን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፤ ማገናኛውንም ተወችልኝ። ግድግዳው ደርቆ ሲለሰን አዲሱን መታጠፊያ ከንድፉ ውሃ በሚለው ላይ እኔው ሳልኩት። እጄ ስላልለመደ መስመሩ ትንሽ ተጣሟል። ልኩ ግን ትክክል ነው።